ከቀኑ 8 ሰዓት የኮምቦልቻ አየር፤ የበረራ ማሰልጠኛዎች ደኅንነት በምን ይለካል?

በቅርቡ ኮምቦልቻ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር ያሉ አንድ አባት ሁለተኛ ልጃቸውን አብራሪ ለማድረግ ቆርጠው መነሳታቸውን ነገሩኝ። ደሴ ፊዚክስ እንደማስተምር ስለሚያውቁ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ አጣጥፈው የያዟቸውን ሦስት ወረቀቶች ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ወረቀቶቹ የሦስት የበረራ ማሰልጠኛዎች ማስታወቂያዎች ናቸው፤ ሁለቱ የውጭ አገር፣ አንዱ የአገር ውስጥ። በሦስቱም ላይ የክፍያው መጠን፣ ሥልጠናው የሚፈጀው ጊዜና አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ተደግፎ የቆመ ወጣት ፎቶግራፍ አለ። «መምህር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዋጋውንስ አነበብኩት። ልጄን በደኅና የሚመልስልኝ የትኛው እንደሆነ ግን አንዱም ላይ አልተጻፈም።»

ያን ዕለት «አብሽሩ ጋሼ» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ለእርሳቸውና የልጃቸውን ምኞት ከጥሪታቸው ጋር አሲዘው ለሚሰጉ ሌሎች ወላጆች ነው።

የማሰልጠኛ አውሮፕላን ወደቀ ሲባል ከሰው አፍ ቶሎ የሚወጡት ፍርዶች ሁለት ናቸው፤ ወይ «ሰልጣኙ ስለማያውቅ ነው»፣ ወይ «አውሮፕላኑ አሮጌ ስለነበር ነው»። ሁለቱም አንዳንዴ እውነት አለባቸው። ይሁንና ሰልጣኝ ማለት የሚሳሳት ሰው ነው፤ የማይሳሳት ቢሆን ኖሮ ማሰልጠኛ ባላስፈለገው። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ስህተቱ መሬት ሳይደርስ የሚታረምበት ከፍታ፣ ፍጥነትና ጊዜ ለሰልጣኙ ተትቶለት ነበር ወይ የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ትርፍ የሚያሰፋውም የሚያጠብበውም ማሰልጠኛው ነው። ትርፉን ከሚያጠብቡት ነገሮች ብዙዎቹ በዓይን አይታዩም፤ ከእነርሱም አንዱ እኛ በኮምቦልቻና በደሴ በየቀኑ የምንተነፍሰው አየር ነው።

ነገሩን ከልኩ በላይ ማስፈራሪያ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። ስለ አነስተኛ አውሮፕላኖች ሰፊ መዝገብ በሚያዝባት በአሜሪካ፣ ከአየር መንገዶች ውጭ ባለው በረራ ሰው የሚሞትበት አደጋ የሚደርሰው በየ100,000 የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ሲሆን፣ የሥልጠና በረራ ለብቻው ሲታይ ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። አሰልጣኝ አጠገብ ተቀምጧል፤ አካባቢው የታወቀ ነው፤ አየሩ ሲከፋ ወደ ማረፊያው ለመመለስ መንገዱ ቅርብ ነው። ከመንገደኞች አየር መንገድ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ወላጅ ልጁን ወደ በረራ ማሰልጠኛ ሲልክ ደሴ አዲስ አበባ ትኬት እንደቆረጠለት አድርጎ ሊያስብ አይገባም።

አደጋዎቹ የሚበዙት ሰው እንደሚገምተው ሰማይ ጥግ ሳይሆን ከመሬት ብዙም ሳይርቁ፣ በመነሳት፣ በማረፍና በማረፊያው ዙሪያ በሚደረገው ተደጋጋሚ ዙር ላይ ነው። ሕይወት ከሚያጠፉት መካከል በአሜሪካ መዝገብ ለዓመታት ቀዳሚውን ቦታ የያዘው አብራሪው በበረራ ላይ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ሲሳነው የሚደርሰው አደጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከጀርባው «ስቶል» የሚባለው ክስተት አለ። ስቶል ሲባል ሾፌሮቻችን ሞተር ጠፋ ማለት ይመስላቸዋል። በአውሮፕላን ላይ ግን ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራም ስቶል ይደርሳል፤ ክንፉ አየሩን የሚቀበልበት ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ፣ በክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የሚፈስሰው አየር ይላቀቅና ተሸካሚ ኃይሉ ባንዴ ይቀንሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ። ይህ መድኃኒት ዋጋው ከፍታ ነው። በልምምድ ጊዜ ሺህ ሜትር ከመሬት በላይ ሆኖ ስቶል የሚያደርግ ሰልጣኝ ከፍታውን ከፍሎ ይወጣል፤ ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ በሚታጠፍበት ጊዜ በ150 ሜትር ላይ የሚደርስበት ግን የሚከፍለው የለውም።

ይህን መታጠፊያ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሰልጣኙ ለብቻው ነው እንበል። ከኋላው የሚገፋው ነፋስ ካሰበው በላይ ስለወሰደው መንደርደሪያውን ትክ ብሎ ከመያዝ ይልቅ አልፎት ሊሄድ ነው። መስመሩን አይቶ ይደነግጣል፤ አብልጦ ያጋድላል፤ መሬቱ ሲቀርበው ደግሞ ሳያውቀው መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል። አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ በ45 ዲግሪ ሲያጋድል ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት 19 በመቶ ያህል፣ በ60 ዲግሪ ሲያጋድል ደግሞ 41 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከደቂቃ በፊት አስተማማኝ የነበረው ፍጥነት አሁን አስተማማኝ አይደለም፤ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ግን አልተለወጠም። ትክክለኛው ሥራ ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ) ሰጥቶ፣ ክንፉን አቃንቶ፣ ዙሩን እንደገና መጀመር ነበር። ይህን የሚያደርገው ግን «መልሶ መነሳት ነውር አይደለም» የሚለው ትምህርት በቃል ሳይሆን በተግባር ደጋግሞ የተሰጠው ሰልጣኝ ነው።

አሁን ይህንኑ መታጠፊያ ወደ ኮምቦልቻ እናምጣው። ደሴ በሚገኘው ክፍሌ በየዓመቱ ውሃ አፍልቼ ቴርሞሜትር እነክርበታለሁ፤ 100 ዲግሪ ይጠብቁ የነበሩ ተማሪዎች 92 አካባቢ ላይ ቆሞ ሲያዩት መሣሪያው የተበላሸ ይመስላቸዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ሳስቷል፤ ደሴ የተዳረች የኮምቦልቻ ልጅ ንፍሮው አልበስል ሲላት የሚያስቸግራት እርሱ ነው። አውሮፕላንም ከዚሁ አየር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ክንፉ የሚሸከመው፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ሞተሩ ከነዳጅ ጋር የሚያቃጥለው። አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ።

የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,860 ሜትር ላይ ነው። አየርን የሚያሳሳው ከፍታ ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ስለሆነ፣ አብራሪዎች ሁለቱን ደምረው አውሮፕላኑ «የሚሰማውን» ከፍታ ያሰላሉ። በዓለም አቀፉ መደበኛ ልኬት በዚህ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ማለዳ 14 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ የሚሰማው ከፍታ ወደ 2,270 ሜትር ይሆናል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ወደ 2,780 ሜትር ይወጣል። አውሮፕላኑ ከኮምቦልቻ መንደርደሪያ ስንዝር ሳይነቃነቅ፣ በልኬቱ ስሌት ከደሴ ከተማ ከፍታ በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ጧት በቀላሉ የተነሳ ሰልጣኝ ከሰዓት በኋላ በዚያው አውሮፕላን፣ በዚያው መንደርደሪያ፣ በዚያው ክብደት ሊነሳ ሲሞክር የሚያጋጥመው ሌላ አገር ነው።

ቁጥሩን ወደ ሥራ ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል። በዓለም ላይ ለሥልጠና በብዛት ከሚያገለግሉት አንዱ በሆነው በሴስና 172፣ ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከመሬት ለመላቀቅ የሚፈልገው ርቀት በባሕር ወለል ከሚፈልገው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ራሱ ለኮምቦልቻ ብዙ አያሳስብም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው400 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን የሚያርፍበት መንደርደሪያ ለትንሽ አውሮፕላን ይተርፈዋል። አሳሳቢው ከተነሳ በኋላ ያለው ነው። በባሕር ወለል በደቂቃ ከ200 ሜትር በላይ ይወጣ የነበረው አውሮፕላን አሁን በደቂቃ የሚወጣው 90 ሜትር አካባቢ ነው። ከማረፊያው ተነስቶ በቀጥታ ወደ ደሴ ቢያቀና፣ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች የሚወጣው ግን 360 ሜትር ያህል ሲሆን ደሴ ከማረፊያው 600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ የጦሳ ተራራ ደግሞ ከእርሷም በላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ማለትም መሬቱ ከአውሮፕላኑ ፈጥኖ ይወጣል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ሾፌር ይህን በደንብ ያውቃል፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ጠመዝማዛውን ተከትሎ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ካቃተውም ታኮ አድርጎ ይቆማል። አውሮፕላን ማርሽ የለውም፤ ታኮም የለውም። መፍትሔው ሸለቆው ላይ እየዞሩ ከፍታ ከሰበሰቡ በኋላ ብቻ ወደ ተራራው ማቅናት ነው።

በማረፍ ላይም ይኸው አየር ሌላ ወጥመድ አለው። የፍጥነት መለኪያው የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ፣ ሰልጣኙ እንደተማረው 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይዞ ሲመጣ፣ በሳሳው አየር ውስጥ እውነተኛ ፍጥነቱ 138 አካባቢ ነው። መሬቱ ከሥሩ ፈጥኖ ሲሮጥ ያያል፤ «በጣም ፈጠንኩ» ብሎ ፍጥነቱን ከቀነሰ ክንፉ ወደ ስቶል ይቀርባል፤ ሳይቀንስ በትክክል ካረፈ ደግሞ አውሮፕላኑ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከባሕር ወለሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚበልጥ ለማቆም ረዘም ያለ መንደርደሪያና የተረጋጋ እግር ይጠይቀዋል። ዓይንን ትቶ መለኪያን ማመን ለሰው ልጅ ከባድ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የሠለጠነ ወጣት ደጋ ላይ መጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያርፍ፣ ይህን የሚያውቅ አሰልጣኝ አጠገቡ ከሌለ፣ ያገኘው ፈቃድ ብቻውን አያድነውም።

በዚህ ላይ ነፋሱና ጉሙ አሉ። ከሰዓት በኋላ በተራራ ጀርባ የሚወርድ ነፋስ በደቂቃ ከ150 ሜትር በላይ ወደ ታች ሊጫን ይችላል፤ 90 ብቻ የሚወጣ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ ላይ እያየ ወደ ታች ይሄዳል ማለት ነው። የደሴን ጉም ደግሞ ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ጧት ጦሳ ታይቶ ቁርስ ሳይነሳ የማይታይበት ቀን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን ደመና ውስጥ እንደገቡ በሚያስመስል ሁኔታ ፈትኖ ነበር፤ ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ እስከዚያ የወሰደባቸው ጊዜ በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የሰው ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን መሣሪያ አድማስ ሲጠፋው ይዋሻል፤ የተዘቀዘቀው ቀጥ ያለ፣ ቀጥ ያለው የተዘቀዘቀ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ደጋ ላይ መሠልጠን አይቻልም ማለት አይደለም። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በ22 ዲግሪ ሙቀት በዚያ ያለ አውሮፕላን የሚሰማው ከፍታ ከ3,100 ሜትር ያልፋል፤ አገራችን ግን ከዚያው ከተማ ለአሥርት ዓመታት ለራሷም ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አብራሪዎችን አፍርታለች። የሚቻለው አየሩ በየጧቱ በስሌት ሲታወቅ ነው። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት በርሮ ከሰዓት በኋላውን ለክፍል ትምህርት መተው፣ ሙሉ ነዳጅ ከሁለት ሰው ጋር ከመጫን ይልቅ ለበረራው የሚበቃውንና አስገዳጁን መጠባበቂያ ብቻ መያዝ፣ ከመነሳት በፊት ነዳጁና አየሩ የሚደባለቁበትን ሚክስቸር ለከፍታው ማስተካከል፣ አቅሙ ካለም በጄት ነዳጅ የሚሠራ ቱርቦ ያለው ሞተር የተገጠመለትን የዳይመንድ ዲኤ40 ዓይነት መምረጥ፣ ሁሉም የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ማሰልጠኛ ለምን አይከፈትም ብለው ለሚጠይቁኝ ተማሪዎቼ የምሰጠው መልስም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሚከፈተው ማሰልጠኛ ከማስታወቂያው በፊት የከሰዓት በኋላውን ስሌት ያሳየን።

ሌላው ትልቅ አደጋ በአየር ላይ መጋጨት ነው። የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2024) ናይሮቢ ውስጥ አሰልጣኝና ሰልጣኝ የያዘ ሴስና 172 ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ከተነሳ የመንገደኞች ዳሽ 8 ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም የሴስናው ሰዎች ሞቱ፤ 44 ሰዎች የያዘው ትልቁ አውሮፕላን በሰላም ተመልሶ አረፈ። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳዋ የማኒቶባ ግዛት፣ ስታይንባክ አጠገብ፣ ማረፍ ሲለማመዱ የነበሩ ሁለት ሰልጣኞች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ እርስ በርስ ተጋጭተው ሞቱ። «አይተህ ሽሽ» የሚለው ጥንታዊ መርህ ገደብ አለው፤ ክንፉ ከላይ የሆነው ሴስና ሲታጠፍ በሚታጠፍበት በኩል ያለውን ራሱ ይሸፍነዋል፤ በቀጥታ የሚመጣ አውሮፕላን ደግሞ በመስታወቱ ላይ ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ ዓይን አይስበውም፤ ትልቅ ሆኖ ሲታይ ጊዜው አልፏል። መንገደኛ አውሮፕላንና ጀማሪ ሰልጣኝ አንድ መንደርደሪያ በሚጋሩበት ቦታ ሁሉ የሬዲዮ ሥርዓቱ፣ የቦታ አሳዋቂ መሣሪያውና በዙሩ ውስጥ ባንድ ጊዜ የሚፈቀደው የአውሮፕላን ቁጥር አስቀድሞ መወሰን አለበት።

የመሣሪያውን ነገር ብዙ ሳልቆይበት ላልፍ እወዳለሁ፤ የታወቀ ነውና። አውሮፕላን ዕድሜው ስለገፋ ብቻ አደገኛ አይሆንም፤ የ50 እና የ100 ሰዓት ምርመራው በቀኑ የሚደረግለት አርባ ዓመት ያለፈው ሴስና ምርመራው ከሚዘለልበት አዲስ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ለወላጆች ይጠቅማል። ከበረራ በፊት ሰልጣኙ ከክንፉ ሥር ትንሽ ነዳጅ በጠራ ብልቃጥ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። አቭጋዝ የሚባለው ነዳጅ ሰማያዊ ነው። ውሃ ከገባበት፣ ውሃው ከታች ሰፍሮ እንደ ዶቃ ይታያል፤ ያ ዶቃ ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩ በመነሳት ላይ እያለ ሊጠፋ ይችላል። ማሰልጠኛ የሚጎበኝ አባት አንድ ጧት ቆሞ ይህን ማየት ይችላል፤ ብልቃጡን በጥድፊያ ደፍቶ የሚሄድ ሰልጣኝ ካየ ስለ ማሰልጠኛው ብዙ ተምሯል።

ዋናው ግን ሰው ነው፤ በተለይም አሰልጣኙ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) መለኪያ ለግል አብራሪነት ዝቅተኛው 40 የበረራ ሰዓት ሲሆን፣ ለንግድ አብራሪነት 200፣ በተፈቀደለት ማሰልጠኛ ለሠለጠነ ደግሞ 150 ነው። በብዙ አገሮች ይህን የጨረሰ ወጣት ወዲያው አየር መንገድ ስለማይቀጥረው፣ ሰዓት ለማጠራቀም ራሱ አሰልጣኝ ይሆናል። በአሜሪካ 50 ሰዎች የሞቱበት የእ.ኤ.አ. 2009 የኮልጋን አየር አደጋ ካስከተለው ሕግ በኋላ የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በአብዛኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል፤ የዚህ ያልታሰበ ውጤት አዲሱን ሰልጣኝ የሚያስተምረው ብዙ ጊዜ ትናንት ሰልጣኝ የነበረ፣ ለሰዓቱ የሚቸኩል ወጣት መሆኑ ነው። ችኮላው የክፋት አይደለም፤ የኑሮ ነው። ነገር ግን ለቀረ በረራ ለአሰልጣኙ የማይከፍል ማሰልጠኛ፣ በመጥፎ አየር እንዲነሳ ገንዘብ እያዘዘው ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ውጭ አገር ሠልጥኖ ተመልሷል። አንድ ከሰዓት በኋላ የጎን ነፋሱ ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ለአሰልጣኙ ሲነግር፣ ያንን ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ይበርር የነበረው አሰልጣኝ «ግድ የለም፣ እኔ አለሁ» ብሎ ወሰደው። ሲያርፉ አውሮፕላኑ በአንድ ጎኑ ተወርውሮ የፊተኛው ጎማ ድጋፍ ተጣመመ፤ ማንም አልተጎዳም። ማታ የማሰልጠኛው ኃላፊ ጠርቶ የነገረው ግን ከጎማው ይልቅ አሳዝኖኛል፤ ነገሩ በመዝገብ እንደማይሰፍር፣ እርሱም ለሌሎች ሰልጣኞች እንዳያወራ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ አራት ዓመት አልፎት ነበር፤ አሁንም የማሰልጠኛውን ስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠራው። እኛ ወሎዬዎች «አብሽር» የምንለው ለኀዘንተኛ ማጽናኛ ነው፤ ነፋሱን ለፈራ ሰልጣኝ የሚሰጥ መልስ ግን አይደለም። የፈራበት ምክንያት መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ትክክል ነውና።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍተት አለ። ስለ አደጋ ምርመራ የሚደነግገው የኢካኦ ሰነድ፣ አባሪ 13፣ አገሮች በግዛታቸው የደረሰውን አደጋ እንዲመረምሩ፣ ዓላማውም ጥፋተኛ መፈለግ ሳይሆን ቀጣዩን መከላከል እንዲሆን ያዝዛል። «ከባድ ክስተት» የሚባለውን፣ ማለትም ለጥቂት አደጋ ከመሆን የተረፈውን ግን እንዲመረምሩ የሚያስገድደው አውሮፕላኑ ከ2,250 ኪሎ ግራም በላይ ሲሆን ነው። ሴስና 172 እና ዲኤ40 ሙሉ ጭነታቸውን ይዘው ከ1,350 ኪሎ ግራም አይበልጡም። ስለዚህ የሥልጠናው ዓለም ሰው እስኪሞት ወይም አውሮፕላን እስኪሰበር ድረስ በዓለም አቀፍ ግዴታ አይመረመርም፤ የተጣመመው ጎማ፣ በአሥር ሜትር የተሳተው ሌላ አውሮፕላን፣ ተንኮሻኩሾ መልሶ የተነሳው ሞተር ማሰልጠኛው ራሱ ካልመዘገባቸው በቀር ለማንም ትምህርት ሳይሆኑ ያልፋሉ። ትምህርት ያለው ደግሞ በእነርሱ ውስጥ ነው፤ የሚናገር ሰው በሕይወት አለና። ተቆጣጣሪው አካል ማሰልጠኛዎች እነዚህን ክስተቶች ያለ ቅጣት እንዲያሳውቁና ስም ሳይጠቀስ ለሁሉም ማሰልጠኛ እንዲሰራጩ ቢያስገድድ፣ አዲስ አውሮፕላን ከመግዛት ያነሰ ወጪ ጠይቆ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ይሆናል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ጎረቤቴን በሳምንቱ ሳገኛቸው በወረቀታቸው ጀርባ ላይ አራት ጥያቄ ጻፍኩላቸው። ባለፈው ወር በአየር ጠባይ ምክንያት ስንት በረራ ሰረዛችሁ? በረራ ሲሰረዝ አሰልጣኙ ይከፈለዋል? ልጄ አልበርም ቢል ምን ይደርስበታል? ባለፈው ዓመት ለጥቂት የተረፋችሁበትን አንድ ክስተትና ከዚያ በኋላ የለወጣችሁትን ንገሩኝ። የመጀመሪያው ማሰልጠኛ «ምንም ክስተት ደርሶብን አያውቅም» አላቸው። ሁለተኛው እንደገና እንደውላለን ብሎ እስካሁን አልደወለም። በሦስተኛው ስልኩን ያነሳችው ልጅ ጥያቄዎቹን ስትሰማ ትንሽ ዝም አለችና ዋና አሰልጣኙን አገናኘቻቸው፤ ሰውየው በአንድ ወር 11 በረራ መሰረዛቸውን፣ አንድ ሰልጣኝ ነዳጁን አሳንሶ ገምቶ ሌላ ማረፊያ ላይ እንዳረፈና ከዚያ ወዲህ ነዳጁ በሁለት ሰው እጅ እንደሚለካ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዷቸው። ጋሼ ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው መልሰውታል። ልጃቸው የፈለገው ግን የመጀመሪያውን ስለነበረ፣ ቅዳሜ ቡና ላይ ሦስታችን ልንነጋገር ቀጠሮ ይዘናል።